ማስታወቂያው ወጥቷል፤ ለማን ደረሰ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ስልክ የሚደውል ሰው በተለመደው የጥሪ ድምፅ ፋንታ እጅ መታጠብንና መራራቅን የሚያሳስብ መልእክት ይሰማ ጀመር። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ድምፁን ለጤና ትምህርት ማዋሉ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ጋዜጣ የማያገኘውም፣ ማንበብ የማይችለውም ሰምቶታል። ጥያቄ ያለው ደግሞ በ8335 እንዲደውል ተነገረው። ሁለቱም መንገዶች የሚያልፉት በጆሮ ነው። በዚያው ሰሞን የዕለቱ የታማሚዎች ቁጥር በማኅበራዊ ገጾች የሚለጠፈው በአብዛኛው በሥዕል መልክ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ በዓይን ብቻ የሚገኝ ነው። መስማት የተሳነው ሰው በጆሮ የሚመጣውን፣ ዓይነ ስውሩ በዓይን የሚታየውን አጣ። ሁለቱም የቀረባቸውን ለማግኘት ቤተሰብ ወይም ጎረቤት እስኪነግራቸው መጠበቅ ነበረባቸው።

ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም። መልእክቱን ያዘጋጁት ሰዎች በጥድፊያ ውስጥ ሆነው ብዙ ሕዝብ ዘንድ የሚደርስ የመሰላቸውን መንገድ መረጡ። ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሕዝብ መረጃ ከአካል ጉዳተኞች የሚርቀው አንድ ሰው ስለከለከለው ሳይሆን፣ ሲዘጋጅ እነሱን የሚያስብ ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው። መንግሥት ለሕዝብ የሚናገረውን አካል ጉዳተኛው ዜጋ በራሱ፣ ያለ አማላጅ፣ ከሌላው ጋር በእኩል ሰዓት እንዲያገኝ ምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ቢኖረውም በቴክኖሎጂውም፣ በሕጉም፣ በገንዘቡም በኩል አሁንም ያከራክራል።

ስንት ሰው ነው?

ክርክሩ የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያውያን አንዱ ገደማ አካል ጉዳተኛ እንደሆነ መዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ የኢትዮጵያን ድርሻ 17.6 በመቶ አድርሶታል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ የመጣውም በአብዛኛው ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪው «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መገለልን የሚፈራ ቤተሰብ «የለም» ይላል፤ ዓይናቸው የደከመ አዛውንትም ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም። የዋሽንግተን ግሩፕ በመባል የሚታወቀው በተባበሩት መንግሥታት ሥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ጥያቄውን ቀየረው። ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይጠይቃል እንጂ ስም አይለጥፍም።

ይህ የስታቲስቲክስ ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት «ተጠቃሚው ጥቂት ነው» ብሎ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሳይቀጥር ሲቀር የሚተማመነው በትንሹ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ቢሆንም መብቱ መብት ነው የሚለው መከራከሪያ ትክክል ነው፤ የበጀት ጠረጴዛ ላይ ግን ቁጥር ይዞ የመጣ ይሰማል።

ከነጥብ ፊደል እስከ ቴሌቪዥን

ሉዊ ብሬይል በስሙ የሚጠራውን የነጥብ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1824 ሲያዘጋጅ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። በ1829 አሳተመው። የተማረበት የፓሪስ ትምህርት ቤት ፊደሉን በይፋ የተቀበለው ግን እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ዛሬም ትምህርት አለው። በትምህርት ቤቱ ይሠራበት የነበረው ከወረቀቱ ጎላ ብሎ የታተመ የላቲን ፊደል ነበር፤ ማየት የሚችሉት መምህራን በዓይናቸው ስለሚያነቡት ወደዱት። ለጣት የሚቀለው ነጥቡ ነበር፤ ውሳኔው ግን በዓይን በሚያነቡት እጅ ነበር።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ታሪክ ከዚህ የከፋ ምዕራፍ አለው። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ አብዛኞቹ የሚሰሙ ሰዎች፣ የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣና ልጆቹ በአፍ እንዲናገሩ እንዲገደዱ ወሰኑ። ያን ውሳኔ የተከታዩ ጉባኤ ተሳታፊዎች በግልጽ ውድቅ አድርገው የተጸጸቱት ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው።

የቴሌቪዥን የግርጌ ጽሑፍ ታሪክ ሌላ ነገር ያሳያል። በአሜሪካ በ1972 አንድ የምግብ አሠራር ፕሮግራም ጽሑፍ ታክሎበት ተላለፈ፤ በ1980 ተመልካቹ ሲፈልግ የሚያወጣው ጽሑፍ መደበኛ ሥርጭት ላይ ዋለ። ለዚህ ግን ለብቻው የሚገዛ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በ1990 የወጣ ሕግ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ መሣሪያውን በውስጡ ይዞ እንዲመረት አዘዘ፤ ከ1993 ጀምሮም ተግባራዊ ሆነ። መስማት የተሳነው ሰው ለብቻው ይሸከመው የነበረው ወጪ ለሁሉም ተከፋፈለ። ጫጫታ ባለበት ቦታ ዜና የሚከታተለውም፣ እንግሊዝኛ የሚማረው ስደተኛም ተጠቃሚ ሆነ።

በኢትዮጵያ የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትና በሚሲዮኖች የተከፈቱት መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች መሠረት ጣሉ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። የአማርኛ ብሬይል ፊደሉን በራሱ መንገድ ፈታው። በዓይን የሚነበበው ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ሲይዝ፣ ብሬይሉ ለያይቶ ተራ በተራ ይጽፋቸዋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ግን የግዕዙን ሥርዓት ጠበቀ፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው አናባቢውን ያመለክታል። ሁለቱም እዚህ የተሠሩ ናቸው፤ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም።

ከችሮታ ወደ መብት

ረዘም ላለ ጊዜ ብሬይል ማተምም ሆነ ማስተርጎም የበጎ አድራጊዎች ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። አስተሳሰቡን ከለወጡት ጉዳዮች አንዱ የሲድኒ ኦሎምፒክ ነው። ብሩስ ማጓየር የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር የ2000ው ኦሎምፒክ ድረ ገጽ ለእሱ እንደማይነበብ ገልጾ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤት አለ። አዘጋጆቹ ማስተካከሉ ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ያስወጣናል ብለው ተከራከሩ። ኮሚሽኑ አልተቀበላቸውም፤ 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ ወሰነ። ያኔ የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ የመጀመሪያ እትም ከወጣ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጸደቀ። አንቀጽ 9 ተደራሽነትን፣ አንቀጽ 21 ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የማግኘት መብትን ይደነግጋሉ። አንቀጽ 21 ለሕዝብ የታሰበ መረጃ በሚመጥን ቅርጽ፣ በጊዜውና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «በጊዜው» የሚለው ቃል ከባድ ነው። የምርጫ ቅስቀሳ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ብሬይል፣ ወረርሽኙ ከጋመ በኋላ የሚተረጎም ማስጠንቀቂያ መብቱን አላሟላም።

የስምምነቱ ኮሚቴ በ2014 ያወጣው ሁለተኛው ጠቅላላ አስተያየት ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን ለየ። ተደራሽነት ለቡድን የሚደረግ፣ ማንም ሳይጠይቅ አስቀድሞ የሚፈጸም ግዴታ ነው። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ደግሞ አንድ ሰው ሲጠይቅ ለእሱ የሚደረግ ሲሆን ከአቅም በላይ ወጪ ካስከተለ ሊቀር ይችላል። አንድ የታክስ ማስታወቂያ ከመነሻው በሚነበብ ጽሑፍ መውጣቱ ተደራሽነት ነው፤ ማየትም መስማትም ለተሳነው አንድ ግብር ከፋይ በእጅ የሚዳሰስ ምልክት የሚያውቅ አስተርጓሚ ማቅረብ ማመቻቸት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ግዴታ ወደ ሁለተኛው ይቀይሩታል። «የጠየቀን የለም» ማለት ለማመቻቸት ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለተደራሽነት ግን መልስ አይሆንም።

በአገር ቤት ሕጎች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ለመደገፍ ያለበትን ኃላፊነት ይጠቅሳል። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ሳይጠየቁ መረጃ እንዲያሳትሙ ግዴታ ጣለ። ዓለም አቀፉ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸደቀ። በዓይነ ስውራንና ማንበብ በሚያዳግታቸው ሰዎች የመጻሕፍት ረሃብ ምክንያት የተደረገውን የማራኬሽ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀላቀለች። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተሰበሰቡ የአፍሪካ መሪዎች የጸደቀው የአፍሪካ የአካል ጉዳተኞች ፕሮቶኮልም በ2024 ሥራ ላይ ውሏል።

ሕጎቹ ሲደረደሩ ብዙ ይመስላሉ። በተግባር ግን «ተደራሽነት» የሚለው ቃል ለአብዛኛው ኃላፊ የሚያስታውሰው የሕንፃ መወጣጫ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ግንባታን የሚመለከት ግልጽ ድንጋጌ አስቀመጠ፤ ራምፕ ይኑር አይኑር ማንም በዓይኑ ያየዋል። የማይነበብ ሰነድን ግን የማያይ ሰው ካልነገረ በቀር ማንም አያስተውለውም። መሥሪያ ቤቱ ያለምንም ችግር ያነበዋል፤ ተለጥፏል፤ ማኅተም አለበት፤ ሥራው አልቋል ብሎ ያምናል።

ሰነዱ ከመነሻው

የአማርኛው ጉዳይ ከእንግሊዝኛው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በዝርዝር መታየት የሚገባውም ይህ ክፍል ነው።

ዓይነ ስውር የኮምፒውተር ተጠቃሚ በስክሪን ሪደር ይሠራል። ሶፍትዌሩ በሰነዱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ወስዶ በድምፅ ያነባል ወይም ወደ ብሬይል መሣሪያ ይልካል። የሚወስደው ጽሑፍ ከሌለ የሚያነበው የለውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው አሠራር ደግሞ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ደብዳቤው በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ይነበባል። ከዚያ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ስካን ይደረጋል፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጠፋል። የወጣው ሰነድ የወረቀት ፎቶ ነው። ከሰዓታት በፊት በአንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ የነበረውና የሚነበበው ፋይል እዚያው ይቀራል። ይህን ለማስተካከል አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ ዋናውን ጽሑፍ ከፎቶው ጎን አብሮ መለጠፍ ይበቃል።

ሁለተኛው ችግር የቆየ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ የፓወር ግዕዝ ቀደምት ፎንቶች ጭምር፣ የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ አስቀምጠው ነበር። በዘመኑ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ አማርኛን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች ባለውለታ ናቸው። ጉዳቱ የመጣው ልማዱ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም በመቀጠሉ ነው። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ለስክሪን ሪደር ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ከበይነ መረብ ቢፈለግም አይገኝም።

የነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱንም ችግሮች ይዞ ሦስተኛ ይጨምራል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ይታተማሉ። ጽሑፍ ከምስል የሚለቅም ሶፍትዌር ዓምዶቹን ካልለየ ከግማሽ የአማርኛ መስመር ወደ ግማሽ የእንግሊዝኛ መስመር ይዘላል። ለአማርኛ የሚሠራ ነፃ የጽሑፍ ለቃሚ ሶፍትዌር አለ፤ ቴሴራክት አንዱ ነው። ሆኖም ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ትንሽ ጭረት በደበዘዘ ወረቀት ላይ ሲጠፋ ንባቡ ይሳሳታል። በዜና ላይ ይህ ይታለፍ ይሆናል፤ በአዋጅ ላይ ግን አይታለፍም።

ሰነዱ በዩኒኮድ ቢጻፍ እንኳ ድምፁ ይቀራል። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር የሚጠቀምበት ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን የማሽን ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ «አለ» ሲል ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት ሶፍትዌሩ ከዓረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ገጹ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ከበስተጀርባ ካልተመለከተም ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊጀምር ይችላል። ይህ የመጨረሻው በኢትዮጵያ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ወደ አማርኛ እንዲያስተረጉሙ አድርጓል። ትርጉሙ ግን ስካን ተደርጎ ወይም ቋንቋው ሳይመለከት ከተለጠፈ፣ እንግሊዝኛ የማይችለው ዓይነ ስውር ኢትዮጵያዊ ከሁለቱም መብቶች ውጭ ይቀራል።

ሞባይሉ ሌላ ዓለም ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ አገልግሎቶች ወደ ስልክ ገብተዋል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው በአጭር ቁጥር ደውሎ የሚከፍተው ዝርዝር ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰለት ይዘጋል። አማራጮቹን አንድ በአንድ አድምጦ የሚመርጥ ሰው ከማየት ይልቅ ጊዜ ይፈጅበታል። የድረ ገጽ መመሪያው የጊዜ ገደብ የሚራዘምበት መንገድ እንዲኖር የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አስተርጓሚ ወይስ የግርጌ ጽሑፍ?

መስማት ለተሳናቸው ምን ይቅረብ የሚለው ክርክር በኮሮና ጊዜ ፍርድ ቤት ደርሷል። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. አንድ የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ዋይት ሐውስ በኮሮና መግለጫዎቹ ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲታይ አዘዙ። የመንግሥት ጠበቆች የግርጌ ጽሑፍ አለ ብለው ነበር። ዳኛው አልተቀበሉትም፤ በምልክት ቋንቋ ላደጉ ብዙ ሰዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነውና ጽሑፉ አስተርጓሚውን አይተካም። በእንግሊዝ ደግሞ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሁለት መግለጫዎች ያለ አስተርጓሚ መተላለፋቸው ሕገ ወጥ አድልዎ ነው አለ። ሌላውን የክሱን ክፍል ግን ውድቅ አደረገ፤ አስተርጓሚው በመድረኩ ላይ ከተናጋሪው ጎን ባይቆምም፣ በቢቢሲ ዜና ጣቢያ ማያ ገጽ ላይ ከታየ በቂ ነው ሲል ወሰነ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በዚህ አልረኩም፤ መግለጫውን በሌላ ጣቢያ ወይም በማኅበራዊ ገጽ የሚያይ ሰው አስተርጓሚውን አያገኝምና።

የሁለቱም ወገን መከራከሪያ እውነት አለው፤ የሚናገሩት ስለተለያዩ ሰዎች ነውና። በእርጅና መስማት ያቆመ ጡረተኛ የምልክት ቋንቋ አያውቅም፤ የሚፈልገው ጽሑፍ ነው። በምልክት ቋንቋ ያደገችው ተማሪ አስተርጓሚ ትፈልጋለች። በኢትዮጵያ ሦስተኛ ቡድን አለ፤ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ብቻ በሚግባቡበት የእጅ ምልክት የሚኖሩ የገጠር ሰዎች። ለእነሱ ማያ ገጹ ላይ ያለው ሳጥንም ሆነ ጽሑፉ ባዕድ ነው። በሥዕል፣ በትርኢትና ራሳቸው መስማት የተሳናቸው የጤና አስተማሪዎች ቤት ለቤት ሲሄዱ ካልሆነ አይደረሱም። በአገር ውስጥ በሚደረገው ውይይት ስለዚህ ቡድን የሚወራው ጥቂት ነው።

ጥራትም ሌላው ጥያቄ ነው። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. በኔልሰን ማንዴላ የስንብት ሥነ ሥርዓት ላይ የዓለም መሪዎች ጎን ቆሞ «ያስተረጎመው» ሰው ትርጉም የለሽ ምልክት ሲያሳይ እንደነበር መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ወዲያው አጋለጡ። የመረጡት ሰዎች ምልክቱን ስለማያውቁ አላወቁበትም። ብቃትን የሚመዝን ሥርዓት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሥልጠናው ግን ፈቃድ ከሚሰጥ፣ ቅሬታ ከሚሰማና ደመወዝ ከሚመጥን የሙያ ሥርዓት ጋር ካልተያያዘ ተመራቂው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የምልክት ቋንቋን በሕገ መንግሥት ጠቅሰውታል። ኡጋንዳ በ1995፣ ኬንያ በ2010 አስገብተውታል፤ የኬንያ ምልክት ቋንቋ ከፓርላማው ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2023 አሥራ ሁለተኛ ይፋዊ ቋንቋ አድርጋዋለች። በኢትዮጵያ ተጨማሪ ውስብስብ ነገር አለ። የጣት ፊደሉ የተመሠረተው በግዕዝ ፊደል ላይ ነው፤ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚጻፉት በላቲን ነው። በአምቦ ወይም በጅግጅጋ የምትማር መስማት የተሳናት ልጅ ስሟን በየትኛው ጣት ፊደል ትጻፍ? ጥያቄው ከመምህራን ክፍል አልፎ ወደ ቋንቋ ፖሊሲ ጠረጴዛ መምጣት ይገባዋል።

ብሬይልና ድምፅ

በዓይነ ስውራን መካከልም ክርክር አለ። ስልኩ የሚያነብለት ወጣት ብሬይል ለምን ይማራል የሚሉ አሉ። ብሬይል መጽሐፍ ግዙፍ ነው፣ ማተሚያው ውድ ነው፣ በአማርኛ ተነባቢና አናባቢ ተለያይተው ስለሚጻፉ ይረዝማል። በሌላው በኩል ያሉት መምህራን መልሳቸው ጠንካራ ነው። የሚያደምጥ ሰው ፊደል አይነካም፤ ሥርዓተ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ የኬሚስትሪ ቀመር በጆሮ ብቻ አይጠኑም። የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ከሚታተሙ መጻሕፍት ከ10 በመቶ በታች ብቻ በሚነበብ ቅርጽ እንደሚገኙ ይገምታል፤ ስለዚህ አንዱን መንገድ መዝጋት የሚያስችል ትርፍ የለም። የሁለቱ ክርክር ደግሞ ከላይ ወዳለው ነጥብ ይመለሳል። ንጹሕ የዩኒኮድ ጽሑፍ ካለ በሶፍትዌር ወደ ብሬይልም፣ ወደ ድምፅም፣ ወደ ትልቅ ፊደልም ይቀየራል። ስካን ከሆነ ግን ወደ ምንም አይቀየርም።

ቀላል ቋንቋ የሚያስፈልጋቸው

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በዚህ ሁሉ ውይይት መጨረሻ ላይ ይጠቀሳሉ፤ አንዳንዴም አይጠቀሱም። ለእነሱ መሰናክሉ የፊደሉ ቅርጽ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ስዊድን ከ1984 ጀምሮ ስምንት ገጽ የሚባል በቀላል ቋንቋ የሚጻፍ ጋዜጣ አላት። ለማንኛውም ዜጋ ግልጽ ሆኖ የሚጻፍ ቋንቋና ለእነዚህ አንባቢዎች በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሥዕል ታግዞ የሚዘጋጅ ቋንቋ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከአንባቢዎቹ ጋር ተሞክሮ የሚጻፍ ሙያ ነው። የአማርኛ የቢሮ ጽሑፍ አንዱን ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ የሚያስኬድ ልማድ ስላለው ከሁለቱም ሩቅ ነው። መራቁ የሚጎዳው ደግሞ እነሱን ብቻ አይደለም።

አቋራጭ የመሰሉ መፍትሔዎች

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ተስፋ ይዞ መጥቷል። ፎቶ የሚገልጽ፣ ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መተግበሪያ ለብዙ ዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ሰዎች እውነተኛ ነፃነት ሰጥቷል። ሆኖም ተቋማት ግዴታቸውን ለማሽኑ ማስረከብ ሲጀምሩ ችግር ይፈጠራል። ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ላይ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አክሰሲቢ የተባለው ኩባንያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማንኛውንም ድረ ገጽ መመሪያውን ያሟላ አደርጋለሁ ሲል ያቀረበው ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንና የአስተርጓሚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ2018 ባወጡት መግለጫ በኮምፒውተር የተሠሩ ምልክት የሚያሳዩ ምስሎች አስቀድሞ ለሚዘጋጅና ለማይለዋወጥ መረጃ ሊያገለግሉ ቢችሉም ሰውን እንዳይተኩ አሳስበዋል። ለአማርኛ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል፤ ማሽኑ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍና ድምፅ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ለኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ተጠያቂው ማን ነው?

አገሮች ሦስት መንገድ ሞክረዋል። አሜሪካ በክስ ትታመናለች፤ የተጎዳው ይከሳል፣ ፍርድ ቤቱ ያስገድዳል። የፍትሕ ሚኒስቴር ለክልልና ለከተማ አስተዳደሮች ድረ ገጾች ዝርዝር መለኪያ ያወጣው የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከጸደቀ ከ34 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2024 ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2016ቱ መመሪያው ክትትልን መረጠ፤ የመንግሥት ድረ ገጽ የቱ ክፍሉ እንደማይነበብ በይፋ ይገልጻል፣ ቅሬታ ይቀበላል፣ በየጊዜው ይመረመራል። ከሰኔ 2025 ጀምሮም ባንክና የቲኬት ሽያጭን የመሰሉ የግል አገልግሎቶች ተጨምረዋል። ሦስተኛው መንገድ ስምምነት ማጽደቅና በጎ ፈቃድን መጠበቅ ነው። ብዙ አገሮች ያሉት እዚህ ነው።

ክስም ሆነ ክትትል ያለ ጥርጥር ይሠራሉ ማለት አይቻልም። ዌብኤይም የተባለው ተቋም በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን የድረ ገጽ መግቢያዎችን በሶፍትዌር ይመረምራል። በ2019 ከእነዚህ 97.8 በመቶው የሚታይ ጉድለት ነበረባቸው፤ በ2025 ደግሞ 94.8 በመቶው። በስድስት ዓመት የተገኘው ለውጥ 3 ነጥብ ነው። ሕግን የሚጠራጠሩ ይህን ቁጥር ይጠቅሳሉ። ሕግን የሚደግፉት ደግሞ ምርመራው የዓለምን ድረ ገጾች እንጂ ግዴታ የተጣለባቸውን የመንግሥት ገጾች ለይቶ እንደማይለካ ያስታውሳሉ፤ መከራከሪያቸው ተገቢ ነው።

ለኢትዮጵያ በክስ መንገድ መጀመር ይከብዳል። ጠበቃ ውድ ነው፤ ሸክሙም መልሶ የሚወድቀው በተጎዳው ሰው ላይ ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በየዓመቱ የጥቂት መሥሪያ ቤቶችን ሰነዶች በስክሪን ሪደር ቢያስፈትሽ፣ ፈታሾቹም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ቢሆኑ፣ ውጤቱም ለምክር ቤት ቢቀርብ ከብዙ ክስ የበለጠ ሊሠራ ይችላል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ውስጥም ቅደም ተከተሉ ያነጋግራል። አንዳንዱ አስገዳጅ ሕግ ይቅደም ይላል። ሌላው የአማርኛ ሰነድ አዘገጃጀት መለኪያና የአስተርጓሚ ሙያ ፈቃድ ካልተዘጋጁ ሕጉ የሚያስገድደው ነገር የለውም ይላል። ሁለተኛው አስተያየት ያመዝናል፤ መለኪያ የሌለው ግዴታ በፍርድ ቤትም በቢሮም አይለካምና።

ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ነጋሪት ጋዜጣ ይለወጥ ወይስ ከዛሬ የሚወጣው ይቅደም የሚለውም አልተቋጨም። የቆየውን ሁሉ ለቅሞ ማረም የዓመታት ሥራ ነው፤ አሁንም በሥራ ላይ ያሉ አዋጆች እዚያ ውስጥ ስላሉ መተው አይቻልም። ነገ የሚጸድቀው አዋጅ ግን ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ላይ ነው። ያ ፋይል ለሕዝብ እንዲለቀቅ የሚያስፈልገው የአንድ ኃላፊ ትእዛዝና ጽሑፉ በዩኒኮድ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ሠራተኛ ነው። የቆዩት ደግሞ ብዙ ሰው ከሚጠይቃቸው፣ ከሠራተኛ፣ ከቤተሰብና ከግብር ሕጎች ጀምረው ሊለወጡ ይችላሉ። ወጪውን አሳታሚው ይሸፍን፣ ሕጉን ያመነጨው መሥሪያ ቤት ወይስ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚለውን ግን በጀት የሚያጸድቀው አካል መወሰን አለበት።